የሴት መቀናጆ

ግንቦት 18፣ ሰኞ

ይህ ደብተር ሕሊና አምና ከስምንተኛ ክፍል የተረፋት ነው። ለእኔ ትታው ሄደች። አሁን ጎንደር ከአያቷ ቤት ሆና ዘጠነኛ ትማራለች። አባቴ መሪጌታ ሐብተ ማርያም ፊደል ያስቆጠሩኝ ዳዊት እንድደግም ነበር እንጂ ስለ በሬ እንድጽፍ አልነበረም። ምን ላድርግ፣ የማዋየው ሰው የለኝም።

ዛሬ ያደረግሁትን ልጻፈው፣ ነገ እንዳልክደው። በሽማግሌዎች ፊት ቆሜ «ዘንድሮ መሬቴን ራሴ አርሳለሁ» አልሁ።

ባሌ ክንዱ ከሞተ ሁለት ዓመት አለፈው። ሁለቱን ክረምት ያረሰልኝ ዋርሳዬ ሰውአገኝ ነው፣ የክንዱ ታናሽ ወንድም። ምርቱን እኩል እንካፈላለን። ግን መጀመሪያ የራሱን ያርሳል፣ ቀጥሎ የአማቱን ያርሳል፣ ሲተርፈው ወደ እኔ ይመጣል። አምና ስንዴዬ የተዘራው ሐምሌ ሃያ ሁለት ነው። ጥቅምት ላይ የሰው ሁሉ አዝመራ ሲያሽት የእኔ ገና ለምለም ነበር፤ ውርጭ መታውና አለቀ። ሕሊናን ጎንደር የላክኋት የማበላት ስለ ጠፋኝም ነው። ለሰው ስናገር «ለትምህርቷ ብዬ» እላለሁ።

ሰውአገኝ «እትዬ፣ አትቀልጂ» አለኝ። አልቀለድሁም። በመጨረሻ እንዲህ ተባለ፦ እስከ ጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ ማለት እስከ ሐምሌ አምስት፣ ዘርቼ ከተገኘሁ ማንም ቃል አይናገረኝ። ካልሆነ ሰውአገኝ ለሦስት ዓመት መሬቱን እንዳሻው ይረሰው፣ እኔም ጎንደር አባቴ ዘንድ ልግባ።

እሺ አልሁ። አፌን ምን እንደ ነካው እንጃ። እርፍ ጨብጬ አላውቅም እኮ።

ግንቦት 20

ስድስት ቤት ዞርሁ። እግሬ ነደደ።

ያለኝ አንድ በሬ ነው፣ ቦራ። አንድ በሬ ያለው ሰው ሌላ አንድ በሬ ካለው ጋር መቀናጆ ይገባል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ጠምደው ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ያርሳሉ። አገሩ ሁሉ የሚኖረው እንዲህ ነው። እኔ ግን «ማን ነው የሚያርሰው?» ስባል «እኔ» እላለሁ፣ ያን ጊዜ በሩ ይዘጋል።

አንዱ «በሬዬ ሴት አልለመደም» አለኝ። ሚስቱ ከጀርባው ቆማ ለዚያው በሬ ገለባ ታቀርብ ነበር።

ግንቦት 22

ትርንጎ ራሷ መጣች። ከወንዙ ማዶ ያለችው፣ ከባሏ የተፋታችው፣ ምላሷን ሁሉም የሚፈራው ትርንጎ። ሲፋቱ ሁለቱን በሬ ተካፈሉ፣ ባሏ የግራውን በሬ ይዞ ሄደ፣ ዳለቻ ለእርሷ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ዳለቻ ሲበላ ይውላል።

«ምነው ወደ እኔ አልመጣሽም?» አለችኝ ተቆጥታ።

«አንቺ ሴት ነሽ ብዬ» አልኋት። ከአፌ ካመለጠ በኋላ ምን እንዳልሁ ገባኝ። አፈርሁ። እርሷ እስክትደክም ሳቀች።

ተቀናጀን። የእርሷ መሬት ሽንብራ ነው የሚዘራበት፣ እስከ ነሐሴ ይታገሣል። ስለዚህ መጀመሪያ የእኔን፣ ቀጥሎ የእርሷን። እጅ ተማታን። ሸጋ ሴት ናት።

ግንቦት 24

ሞፈሩን ከጣራ ሥር አወረድሁ። ሸረሪት አድርቶበታል። እርፉ ላይ የክንዱ እጅ የያዘው ቦታ ልሙጥ ሆኗል። ሲያርስ ስንቅ ይዤለት ስሄድ ከሩቅ ድምፁን እሰማው ነበር። በቀኝ በኩል ያለውን ቦራን እንደ ሰው ያዋራዋል፣ የግራውን ይሰድበዋል። ያ የግራው በሬ የአበልጁ ነበር፣ ክንዱ ከሞተ ወዲህ አበልጁ መልሶ ወሰደው።

ነገ እንጀምራለን። ፈራሁ።

ግንቦት 25

አልሆነም።

ግንቦት 26

ትናንት መጻፍ አልቻልሁም። እጄ ተልጧል።

የሆነው ይህ ነው። ጠመድን። ቦራ ወደ ውጭ ገፋ፣ ዳለቻ ወደ ውስጥ ረገጠ፣ ቀንበሩ ተጠመዘዘ፣ ሁለቱም እንደ ወፍጮ ይዞሩ ጀመር። ማረሻው መሬት ሳይነካ እኔ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ትርንጎ ከፊት ሆና እየጎተተች ያልተሳደበችው ስድብ የለም። እስከ እኩለ ቀን ሦስት ትልም አወጣን፤ ሦስቱም ትልም ከተባሉ ነው፣ አንዱ የእባብ መንገድ ይመስላል።

አጥሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ሰውአገኝም ነበር፣ ሣር እያኘከ ያፏጫል። አያ አዳነም ነበሩ፤ የዚህ አገር በሬ ሁሉ የተገራው በእርሳቸው እጅ ነው። ምንም አልተናገሩም፣ ራሳቸውን ነቀነቁ ብቻ። አንዱ «በሬ የሴት ድምፅ አይሰማም፣ ተፈጥሮው ነው» ሲል ሰማሁት።

ምናልባት እውነቱን ይሆናል።

ግንቦት 28

የክንዱን ካፖርት ለብሼ ወጣሁ። የትርንጎ ሐሳብ ነው፤ ጠረኑን ያውቀዋል አለችኝ። ድምፄንም አጎርንኜ እንደ እርሱ «በል ቦራ» አልሁ።

ቦራ ዞሮ ካፖርቱን አሸተተ። ከዚያ እጅጌው ሥር አፍንጫውን ከቶ ቆመ። አልሄደ፣ አልገፋ፣ ዝም ብሎ ቆመ። እኔም አንገቱን ይዤ አለቀስሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ፊት ያላለቀስሁትን በበሬ ፊት አለቀስሁ። ትርንጎ ወደ ሌላ አየች፣ እግዚአብሔር ይስጣት።

እርሻው ግን ያው ነው። ካፖርቱን መልሼ ሰቀልሁት።

ሰኔ 3

የአባቴ ደብዳቤ በማኪና ሹፌር እጅ መጣ። አባቴ በስልክ ቁም ነገር አይናገሩም፣ ነፋስ ይወስደዋል ይላሉ። ወሬው ጎንደር ደርሷል።

«ልጄ የትነበርሽ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልሽ። በግቢዬ አንድ ክፍል አለ። ልጅሽም እዚሁ ናት። ልጄን በሞፈር ጀርባ አቧራ ለብሳ ማየት አልችልም። እምቢ ካልሽ ራሴ መጥቼ እወስድሻለሁ» ይላል።

ከሥር ሕሊና በእርሳስ «እማ እንዳትመጪ» ብላ ጨምራለች። አያቷ አላዩትም መሰለኝ።

ሰኔ 6

ሞከርን። አልሆነም። ዝናቡ ገብቷል። የሰውአገኝ እርሻ ሁለተኛው ዙር አልቋል።

ሰኔ 12፣ ሚካኤል

ቤተ ክርስቲያን ደጅ አጠገቤ የቆሙት ሴቶች ራቅ አሉ። ወይም መሰለኝ። አንዷ ለሌላዋ «ሴት እርፍ ከጨበጠች በረዶ ይወርዳል» ስትል ግን ሰምቻለሁ፣ እንድሰማም ነው ያለችው። ሃያ ዓመት የማውቃት ሴት ናት።

ሰኔ 14

በረዶ ወረደ። እንደ ሽንብራ የሚያህል፣ ለሩብ ሰዓት። ብዙም አልጎዳም ነገር ግን ወሬው ከበረዶው ቀድሞ ደረሰ። «በእርሷ ነው» ተባለ።

ትርንጎ መንገድ ላይ ያገኘቻቸውን ወንዶች አቁማ «የትኛውን ስላረስን ነው? እስካሁን ያወጣነው ሰባት ትልም ነው። ለሰባት ትልም ይህን ያህል በረዶ ከወረደ፣ ስንጨርስማ ሰማዩ ራሱ ይወርዳል» አለቻቸው። እርሷ ስትነግረኝ ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ ጠፋ።

ሰኔ 15

ልብሴን በጆንያ አደረግሁ። ከዚያ አወጣሁት። ከዚያ መልሼ ከተትሁት።

እኔ ማን ነኝና። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ፣ እጄ ቀለም እንጂ አፈር ያልለመደ። ሃያ ዓመት ገበሬ አግብቼ ኖሬ ገበሬ የሆንሁ መሰለኝ። ሕሊና ግን «እንዳትመጪ» ብላኛለች። ለምን እንዳለች አላውቅም። ምናልባት መሬቱን ከለቀቅሁ እርሷም የምትመለስበት እንደማይኖራት ገብቷታል። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ይህን ማሰብ አልነበረባትም።

ሰኔ 17

ዛሬም እነዚህ በሬዎች አበሳጩኝ። ወንዝ ወስጄ ላጠጣቸው ስል ቦራ ካልቀደመ፣ ከዳለቻ በስተቀኝ ካልቆመ አፉን ውሃ አይነካም። ደህና፣ ቦራን ከቀኝ አቆምሁት። ዳለቻ ደግሞ በኋላው ዞሮ ከቦራ ቀኝ ገባ። ቦራ ተናደደና እንደገና ዞረ። እንዲህ ሲዞሩ ሁለቱም ጭቃ ገቡ። እኔም ገባሁ። ግትሮች ናቸው፣ ለየብቻ አጠጣኋቸው።

ሰኔ 19

ጅል። ጅል። ጅል።

ለአባቴ «እመጣለሁ» ብዬ ልጽፍ ከዚህ ደብተር ወረቀት ልቀድ ስል እጄ ወደ ኋላ ገለጠ። ግንቦት 22 ላይ፣ በራሴ እጅ፣ «ባሏ የግራውን በሬ ይዞ ሄደ» የሚል አነበብሁ። ሁለት ቀን ዝቅ ብዬ «በቀኝ በኩል ያለውን ቦራን» የሚል አነበብሁ። ከዚያ የወንዙን።

ሁለቱም የቀኝ በሬ ናቸው። ሁለቱም ሕይወታቸውን ሙሉ ከቀንበሩ በስተቀኝ ተጠምደው ያረሱ ናቸው። ዳለቻን ከግራ አስገብተን ቦታውን ፍለጋ ሲገፋ፣ ቦራ ቦታውን ላለመልቀቅ ሲገፋ፣ እኛ መሐል ሆነን «የሴት ድምፅ አይሰሙም» ይባልልናል። እኔም አምኜ ነበር። ይህ ነው የሚያቃጥለኝ፣ አምኜ ነበር።

ወንዙን እንዴት እንደ ተሻገርሁ አላስታውስም። ትርንጎ ሰምታ አፏን ከፍታ ቀረች። ከዚያ «እኔስ? ስድስት ዓመት ሙሉ ከቀኝ ተጠምዶ ከግቢዬ ሲወጣ በዓይኔ እያየሁት» አለች። ሁለታችንም ተቀምጠን ራሳችንን ስንሰድብ ቆየን። ደስ የሚል ስድብ ነበር።

ሰኔ 20

አያ አዳነ ቤት ሄድሁ። ጠብ ፈልጌ ነው የሄድሁት፣ ልዋሽ አልችልም።

«አያ አዳነ፣ አንቱ ቦራንም ዳለቻንም የገሩ ሰው ነዎት። ሁለቱም የቀኝ መሆናቸውን ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር እንጂ።»

«ምነው አልነገሩኝም ታዲያ?»

«አልጠየቅሽኝማ» አሉ። ቀጥለው «ሴት ትጠይቀኛለች ብዬም አላሰብሁ። ክንዱ ያሳየሽ ይሆናል ብዬ ነበር» አሉ።

ክንዱ ሸጋ ሰው ነበር፣ አንድ ቀን ግን እርፍ አስይዞኝ አያውቅም። እኔም አንድ ቀን አስይዘኝ ብዬው አላውቅም። አጥሩ ላይ የተቀመጡት ወንዶች ሁሉ ያዩ ነበር። ሰውአገኝ ሁለት ክረምት ቦራን ከቀኝ ጠምዶ ያረሰ ሰው ነው። እያፏጨ ያውቅ ነበር።

አሁን ጠየቅሁ። «ወጣቱን፣ ዳለቻን፣ ወደ ግራ አስለምዱት። ግን የወር ሥራ ነው» አሉኝ።

«ያለን ሁለት ሳምንት ነው» አልኋቸው።

«እንግዲያ ከግራው አይለይ። ሲበላ ከግራ፣ ሲተኛ ከግራ፣ ሲጠጣ ከግራ። ማረሻ ሳታስሩ ቀንበር ብቻ ጭናችሁ አመላልሷቸው። ጨው ስትሰጪው ከቀኙ ቁመሽ ስጪው፣ ወደ ቦራ ጠጋ ማለትን ይውደደው።» ስወጣ ከኋላዬ «ጅራፉንም እንደዚያ አትያዢው፣ እጅሽን ይበላዋል» አሉኝ። ስለ እጄ ተጨንቀው እንደሆነ አላውቅም፣ ደስ ግን አለኝ።

ሰኔ 21፣ ማርያም

በማርያም ቀንበር አይጫንም። ውሃ ማጠጣት ግን ሥራ አይደለም። ሁለቱን አንገት ለአንገት በገመድ አስሬ ወሰድኋቸው፣ ዳለቻ ከግራ። እመቤታችን የልቤን ታውቃለች።

ሰኔ 23

ዳለቻ ፈረጠጠ፣ ገመድ በጠሰ፣ የትርንጎን ጎመን በላ። ከዚያ ግን ጨዉን ፈልጎ ራሱ መጣ፣ ከግራ።

ሰኔ 25

ቀንበር ብቻ። እስከ ወንዙ ቀጥ ብለው ሄዱ። ሲመለሱ ትርንጎ ዘፈነች። ድምፅዋ አስቀያሚ ነው፤ በሬዎቹ ግን ሰሙት፣ ጆሮ አቆሙ።

ሰኔ 26

ቀጥ ያለ ትልም። አንድ። ከጫፍ እስከ ጫፍ።

ሰኔ 30

ቀን አላጠፋንም፣ ከበዓላቱ በቀር። እጄ ጠንክሯል። ወገቤ የእኔ አይመስለኝም። የመጀመሪያውን ዙር ጨረስን። ቦራን በለሆሳስ ነው የማዋራው፣ መጮኽ አያስፈልግም ነበር። ዳለቻን ትርንጎ ትሰድበዋለች፣ የግራ በሬ ሥርዓቱ ነው ብላ።

ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ሐምሌ አምስት በዓል ነው፣ አይታረስበትም። ስለዚህ ያለኝ እስከ ሐምሌ አራት ነው። ይህን ማሰብ የነበረብኝ የመሪጌታ ልጅ እኔ ነኝ።

ሐምሌ 2

አባቴ መጡ። እስከ ዳባት በማኪና፣ ከዚያ በእግር፣ በጃንጥላ። ሊወስዱኝ ነው። እኔ እርሻ ላይ ነበርሁ። ወርጄ ጉልበታቸውን ልስም ስል «ጨርሺ፣ በሬ አታቁሚ» አሉኝና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

እስከ ከሰዓት በኋላ እዚያው ዋሉ። አጥሩ ላይ ያሉት ወንዶች መጥተው ከበቧቸው። አንዱ ጮክ ብሎ «መሪጌታ፣ ሴት ልታርስ መጽሐፉ ይፈቅዳል?» አለ። እርፉን ይዤ ቆምሁ። በሬዎቹም ከእኔ ጋር ቆሙ።

አባቴ ጃንጥላቸውን አጠፉ። «መጽሐፍ ስለ ሰነፍ ብዙ ይላል» አሉ። «ስለ ሴትና ስለ እርፍ ግን ስልሳ ዓመት ሳነብ አላጋጠመኝም። አንተ ያነበብኸው ካለ አምጣልኝ።» ሰውየው ማንበብ አይችልም። ትርንጎ ሳቋን ልትይዝ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ቤት ስንገባ ግን «እኔ እንደዚህ ላይሽ አልወድድም ነበር» አሉኝ።

«አሁንስ አባቴ?»

«አሁን መነጽሬን አላመጣሁም» አሉ። ውሃ ጠጥተው ተኙ። እወዳቸዋለሁ።

ሐምሌ 4

ተዘራ።

ስንዴውን እኔ በተንሁት፣ ትርንጎ በሬዎቹን ነዳች፣ አባቴ ዘሩን በእንቅብ እያቀበሉ ከኋላዬ «አቤቱ ባርክ» እያሉ። አያ አዳነ ሳይጠሩ መጥተው አራት ማዕዘኑን ዞሩ። የመጨረሻውን ትልም ስንመለስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። እርፉን ስለቅቅ እጄ አልዘረጋ አለኝ።

ሐምሌ 5

ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ሜዳው ላይ ተሰበሰቡ። ማንም አፉን ሳይከፍት ሰውአገኝ ተነሥቶ «ዘርታለች። ከእኔም ቀድማ ጨርሳለች» አለ። ለመናገር እንደ ከበደው አየሁ፣ ግን ተናገረው። መሬቱ ለእኔ ነው ተባለ።

ሲወጣ ጠብቄ «ስለ በሬዎቹ ታውቅ ነበር» አልሁት። መሬት መሬት እያየ «አዎ እትዬ» አለ። ይቅር ብዬዋለሁ ማለት አልችልም፣ ገና ነኝ። ቤቴ ግን ጠራሁት፣ ጾሙን አብሮን ፈታ።

አባቴ ነገ ይመለሳሉ፣ ያለ እኔ። «ሕሊናን ምን ልበላት?» አሉኝ። «ለመስቀል ነዪ ይበሏት» አልሁ። እናቷ የራሷን ስንዴ ታሳያታለች።

ሐምሌ 27

ስንዴው በቀለ። እኩል፣ ለምለም። በቀን ሦስት ጊዜ ሄጄ አየዋለሁ፣ ሥራ የለኝም እንዴ።

ነሐሴ 6

የትርንጎን መሬት እያረስን ነው። ዳለቻ አሁን ከቀኝ ላድርግህ ቢሉት እምቢ ይላል።

ነሐሴ 10

ዛሬ በሬ የሚጎትት ሰው ከታች ሲወጣ አየሁ። ታየች ናት፣ በስተደቡብ ካለው መንደር፣ ባሏ አምና የሞተባት። ስሟን እንጂ ሌላ አላውቃትም። በዝናብ ርሳለች። ደጄ ቆማ ዝም አለች፣ እኔም ያን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ ስድስት ደጅ ላይ ቆሜበታለሁ።

«እህቴ፣ ከርሞ ከእኛ መንደር ሌላ አንዲት ሴት ጋር መቀናጆ ልገባ ነው» አለች በመጨረሻ። «እርሷም አንድ በሬ አላት። ሰው ሁሉ ይስቅብናል። አንቺ እንዴት እንዳደረግሽው ልትነግሪኝ ትችያለሽ?»

ግቢ አልኋት። በሬውን ከግቢዬ አስገባሁና ከመቀመጧ በፊት ጠየቅኋት።

«በሬሽ የቀኝ ነው የግራ?»

ታየች አየችኝ፣ በሬዋን አየችው፣ መልሳ አየችኝ። «አላውቅም» አለች። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ እኔ የማላውቀው ነገር ሌላም አለ ማለት ነው ብላ ፈርታ።

«ግዴለም፣ እኔም አላውቅም ነበር» አልኋት። ቦራን ፈትቼ ሁለቱን በሬዎች ይዘን ወደ ወንዝ ወረድን፣ ውሃ ሲጠጡ የእርሷው ከየትኛው ጎን እንደሚቆም ልናይ።